የማይተካ ዕቃ በእጅ ሥራ ሐብል ላይ፦ የአንድ መርካቶ ብር ሠሪ ሥራ ሲገመገም

ይህ ግምገማ በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የብር ሥራ ቤት ያሠራሁትን ሐብል የሚመለከት ነው። ሐብሉ ከመስታወት ሣጥን ውስጥ ተመርጦ የተገዛ አይደለም። ከቤተሰብ የደረሱኝን ዕቃዎች፣ ማለትም አንድ ጠገራ ብር፣ አንድ የአንገት መስቀል፣ ከብር የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫ፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ የአባቴን የቃል ኪዳን ቀለበትና ጥቂት የአምበር ዶቃዎች አቅርቤ፣ ሁሉም በአንድ ሐብል ላይ እንዲውሉና ዘወትር ቢደረጉ እንኳ አንዳቸውም እንዳይወድቁ ሆነው እንዲታሰሩ ነው ያዘዝኩት። እናቴ የወሎ ሰው ስለሆነች መስቀልና ክታብ ጎን ለጎን መንጠልጠላቸው በቤታችን ማንንም አያስደንቅም፤ ባለሙያውም አንድ ጥያቄ ሳያነሡ ተቀብለዋቸዋል። ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ «ባለሙያው» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

አስቀድሜ ፍርዴን ልናገር። ዕቃን ከሐብል ጋር በማያያዝ ረገድ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላየሁም፤ በአጨራረስና በርክክብ ረገድ ግን ቅሬታ አለኝ፣ እርሱንም በቦታው አነሣዋለሁ። ሥራውን የመዘንኩበት ጥያቄ የማይተካው ዕቃ ሊተካ በሚችለው ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም የሚለው ነው። ሐብል በየቀኑ ይታሻል፣ ይጎተታል፣ ላብ ይነካዋል፤ ስለዚህ ከክፍሎቹ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ማለቁ አይቀርም። ተራ ሠሪ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚያልቅ ለዕድል ይተወዋል፣ ጥሩ ሠሪ ግን ራሱ መርጦ ይወስናል፣ የሚመርጠውም በጥቂት ብር ሊለወጥ የሚችለውን ነው።

ባለሙያው ሥራውን የጀመሩት ዕቃዎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን በማጉያ መነጽር በመመርመር ነበር። መስቀሉን ሲያነሡ ከአናቱ ያለውን ማንጠልጠያ ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ሞላላ ሆኗል፤ የላይኛው ጠርዝም ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ሊያሳልፍ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱ መስቀሉ ለረጅም ዓመታት የተንጠለጠለበት፣ ቁልፍ የሚያዝበት ዓይነት ድርብ የብረት ቀለበት ነው። «ልጄ፣ ይህን ያሰረልሽ ሰው እንዳይወድቅ ብሎ ነው ብረት ያደረገበት፤ ብረቱ ግን ብሩን እየሞረደ ሊጨርሰው ትንሽ ነው የቀረው» አሉኝ። ብረት ከብር በብዙ የጠነከረ በመሆኑ ሁለቱ ሲተሻሹ ሁልጊዜ የሚበላው ብሩ ነው። ስለዚህም ጠንካራ መስሎ የሚታየው ቀለበት ዕቃውን ራሱን እየጨረሰ ይኖራል፤ ዕቃው የሚወድቅበት ቀን ሲደርስም ቀለበቱ ደህና ሆኖ ይገኛል።

በዚህም መሠረት የመጀመሪያው ውሳኔያቸው ብረት የተባለ ነገር ሁሉ ከሐብሉ እንዲወጣና ማያያዣዎቹ በሙሉ ከብር እንዲሠሩ ነበር። የተጠቀሙበት በተለምዶ 925 የሚባለውን፣ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር የሆነውንና የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ የሆነውን ነው። የመስቀሉን የሳሳ ጠርዝ በብር ሞልተው ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ከመለሱት በኋላ አዲስ ቀለበት አስገቡበት። የቀለበቱን አሠራር ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጬ ስላየሁ በዝርዝር ልጻፈው፤ የማያያዝ ሥራ ዋናው ምሥጢር ያለው እዚያ ነውና። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን የብር ሽቦ በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ጥብቅ አድርገው ጠቀለሉት፤ ጥቅሉን በመቁረጫ ጉጠት ሳይሆን ክር በመሰለ ቀጭን መጋዝ ቆረጡት። ጉጠት የሽቦውን ጫፍ አሹሎ ስለሚቆርጥ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ክፍተት ይቀራል፣ በዚያም ክፍተት ክር ሾልኮ ይወጣል። መጋዝ ግን ጫፎቹን ቀጥ አድርጎ ስለሚተዋቸው ገጥመው ይዘጋሉ። ቀለበቱንም ሲከፍቱ ጫፎቹን ወደ ግራና ቀኝ አልፈለቀቁትም፤ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ገፍተው ዕቃውን ካስገቡ በኋላ በዚያው መንገድ መለሱት፣ ምክንያቱም የተፈለቀቀ ቀለበት ክብነቱን ካጣ በኋላ በደንብ አይገጥምም። የሽቦው ውፍረትና የቀለበቱ ስፋትም የሚያያዙ ነገሮች ናቸው። ከአንድ ዓይነት ሽቦ የተሠሩ ሁለት ቀለበቶች ቢሳቡ ሰፊው ከጠባቡ ቀድሞ ይከፈታል፤ ስለዚህ ሰፊና ቀጭን ቀለበት ለዓይን ቢያምርም ከባድ ዕቃ ሊሸከም አይገባውም።

ቀለበቱ ከተዘጋ በኋላ መጋጠሚያው ይበየዳል፤ በብዙ ሱቅ የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው። ያልተበየደ ቀለበት ምንም ያህል ቢገጥም በጉጠት የተከፈተ ነገር በኃይል ሲሳብም ይከፈታል። የተበየደው ግን ሽቦው ራሱ እስኪበጠስ ድረስ ይይዛል። ችግሩ እሳት ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የብር መበየጃው ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ቢቀልጥም በአምበር፣ በቆዳ ወይም በሙጫ በተጣበቀ ፈርጥ አጠገብ ሊነድ የሚችል እሳት አይደለም። አምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ እንደመሆኑ ገና 200 ዲግሪ ሳይሞላ መለስለስ ይጀምራል። ባለሙያው ይህን ያለፉት የሥራውን ቅደም ተከተል በማስተካከል ነው፤ እሳት የሚችሉትን ዕቃዎች ብቻቸውን እያደረጉ ቀለበታቸውን በየዱ፣ ዶቃውና ክታቡ የገቡት እሳቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነበር።

አሮጌ ብርን ወደ እሳት ከማቅረባቸው በፊት ያደረጉት ሌላ ምርመራ ደግሞ ልምዳቸውን አሳየኝ። በመስቀሉ ጀርባ ከዚህ በፊት የተጠገነ የሚመስል ግራጫ ቦታ ነበር፤ እርሱን በመርፌ ጫፍ ጫር አድርገው እርሳስ ያለበት ጥገና መሆኑን ለዩ። እርሳስ የነካው ብር በኃይል ሲሞቅ እርሳሱ ብሩን እየበላ ይቦረቡረዋል፤ በዚህ ዓይነት ብዙ ጥንታዊ መስቀሎች በጥገና ላይ እንዳሉ ተበላሽተዋል። ባለሙያው እርሳሱን ሙሉ በሙሉ ፍቀው እስኪያጸዱ ድረስ እሳት አላስነኩትም። አሮጌ ብር ይዞ ወደ ማንኛውም ሥራ ቤት የሚሄድ ሰው ይህን ምርመራ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል እላለሁ።

ጠገራው ብር ከሁሉም ይልቅ ብዙ ንግግር አስፈልጎታል። በአገራችን ገበያ ለረጅም ዘመን የሠራው ይህ ገንዘብ የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ምስል የያዘ ሲሆን፣ እርሷ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጥሏል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የብሩ ጥራት ከ1000 እጅ 833፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀድሞ አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀልና አምባር ይሠሩበት ነበር፤ ለአንገት ሲፈለግም ወይ ይበሳል፣ ወይ ከአናቱ ላይ ማንጠልጠያ ይበየድበታል። ሁለቱም መንገድ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርስበታል። መብሳት ምስሉን ይነካል፣ ቀዳዳውም ከጊዜ በኋላ በክብደቱ እየሰፋ ወደ ጠርዙ ይጠጋል። የተበየደ ማንጠልጠያ ደግሞ 28 ግራም ሙሉ በአንዲት ትንሽ የብየዳ ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ነጥቧ ከለቀቀች ገንዘቡ የሚገኘው መንገድ ላይ ነው፣ ከተገኘ።

ባለሙያው ያቀረቡት ገንዘቡን በክፈፍ የማቀፍ ዘዴ ነበር። ከብር ሽቦ ለብቻው የተሠራና ከገንዘቡ ጋር ልክ የሆነ ክብ ክፈፍ አዘጋጁ፤ በክፈፉ ላይ ከፊትም ከኋላም የሚታጠፉ አራት አራት ጥርሶች በየዱ፤ ሁሉም ከቀዘቀዘና ከተሞረደ በኋላ ገንዘቡን አስገብተው ጥርሶቹን በእንጨት መግፊያ ቀስ እያደረጉ አጠፉበት። ስለዚህ ገንዘቡን እሳት አልነካውም፣ አልተበሳም፣ ነገ ልጆቼ ሊያወጡት ቢፈልጉ ጥርሶቹን ቀና አድርገው እንደነበረ ያገኙታል። በጠርዙ ዙሪያ ያለው፣ ትርጉሙ «በፍትሕና በምሕረት» የሆነው የላቲን ጽሑፍም በጥርሶቹ መካከል ሙሉ በሙሉ አልተደበቀም። ከክፈፉ አናት ላይ የተበየዱት ማንጠልጠያዎች ሁለት ናቸው፤ አንድ ብቻ ቢሆን ገንዘቡ ሲራመዱ እየዞረ ጀርባውን ያሳይ ነበር፣ ክብደቱም በአንድ ቦታ ይከማች ነበር። ይህች የሁለት ማንጠልጠያ ነገር ትንሽ ብትመስልም ከሥራው ሁሉ በጣም የወደድኳት እርሷን ነው።

የጆሮ ኩክ ማውጫው ማንጠልጠያው ጤነኛ ስለነበር ከተበየደ ቀለበት በቀር ምንም አልተጨመረበትም። ጫፉ ግን የነጠላ ጥለት ስለሚይዝ በአምበሮቹ መካከል አጠር ብሎ እንዲንጠለጠል ተደርጓል። ክታቡ ሁለት የቆዳ ጆሮዎች አሉት፤ ቀጭን ሽቦ ቆዳን ስለሚቆርጥ ባለሙያው ለስላሳ የቆዳ ጠፍር አሳለፉበት እንጂ ብረት አላስነኩትም። ለቃል ኪዳኑ ቀለበት ደግሞ ሳይቆረጥና ሳይበየድ የሚያስገባ፣ በትንሽ ብሎን የሚዘጋ የብር ማቀፊያ ሠሩለት። ሐሳቡ ግሩም ነው። አሠራሩ ላይ ግን የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይነሣል፤ የማቀፊያው ውስጠኛ ጠርዝ በደንብ ስላልተሞረደ በቀለበቱ ውስጥ የተቀረጸውን የእናቴን ስም መቧጨር ጀምሮ ነበር። መልሼ ስወስደው ያለ ክፍያ አለስልሰው ሰጡኝ፤ ቢሆንም በብረት ቀለበት ላይ ያን ያህል የተቆጡ ሰው ይህን ሳያዩ ማለፋቸው አስገርሞኛል።

ስለ ክሩ ሥራ ያለኝ አስተያየት ከሞላ ጎደል ምስጋና ብቻ ነው። ዶቃዎቹ ቀድሞ የተሰኩበት የጥጥ ክር በላብና በቅቤ ርሶ ርሶ በጣት ሲያዝ ይበጠስ ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ፀጉር ቅቤ ሲቀባ ወደ አንገት የሚወርደው ሁሉ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራልና። በምትኩ የተመረጠው የተገመደና ሰም የጠጣ የናይለን ክር ነው። በፕላስቲክ የተለበጠ ቀጭን የብረት ገመድ ይሻል እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ እርሱ አንድ ጊዜ በኃይል ከታጠፈ መታጠፊያው ላይ ውስጥ ውስጡን እየተሰበረ ስለሚሄድና ጫፉም ሊቋጠር ስለማይችል በትንሽ ቱቦ ተጨፍልቆ መያዝ እንዳለበት አስረዱኝ። ቱቦው በትክክል ካልተጨፈለቀ ገመዱ ይሾልካል፣ ከመጠን በላይ ከተጨፈለቀ ገመዱን ይቆርጠዋል። ለከባድ ዶቃ የሚመርጡት ሠሪዎች አሉ፤ ለተቀላቀለ ሐብል ግን የባለሙያው ምርጫ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

በአምበሮቹ መካከል የገቡት ትንንሽ የብር ዶቃዎች ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ የቀዳዳቸው ጠርዝ ስለት አለው። ባለሙያው እያንዳንዱን ቀዳዳ በቀጭን ክብ ሞረድ ካለሰለሱ በኋላ ነው የሰኩት፤ ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በዚህ ጠርዝ እየተቆረጠ ነውና። በእያንዳንዱ ዶቃ መካከል ቋጠሮ አለ። ቋጠሮው ለስላሳው አምበር ከብሩ ጋር እንዳይፋተግ ይከላከላል፤ ክሩ ቢበጠስም ሊወድቅ የሚችለው ቢበዛ አንድ ዶቃ ነው። በተንጠልጣዮቹ ግራና ቀኝም እንዲሁ ተቋጥሯል፤ ስለዚህ ሐብሉ በአንድ ጫፍ ቢከፈት እንኳ መስቀሉና ገንዘቡ ተንሸራተው አይወጡም። በቋጠሮው ላይ ፈጣን ማጣበቂያ እንዲጨምሩ ብጠይቃቸው እንቢ አሉ፤ ማጣበቂያው ክሩን ያደርቀዋል፣ የደረቀው ክርም በቋጠሮው ጥግ ይሰበራል። የክሩን ጫፍ በክብሪት እሳት ነካ አድርገው ዘጉት፣ በዚያው አበቃ።

መቆለፊያው በአንገት ጀርባ የሚውል የኤስ ቅርጽ ያለው የብር መንጠቆ ነው። ከመንጠቆው ጋር የተያያዘው ቀለበት ብቻ ሆን ተብሎ ሳይበየድ ቀርቷል፣ ሽቦውም ከሌሎቹ ቀጭን ነው። ሐብሉ በበር እጀታ ወይም በልጅ እጅ ተይዞ ቢጎተት አንገትን ከማነቁና ከማስታወሻዎቹ አንዱን ከመገንጠሉ በፊት የሚከፈተው ይህ ቀለበት ነው። ከእህቴ ልጅ ጋር ስጫወት በእርግጥም ሆኗል፤ ቀለበቱ ተከፈተ፣ ሐብሉ ሙሉውን ጭኔ ላይ ወረደ፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ባለሙያው ከመጀመሪያው ለዚሁ ብለው ትርፍ ቀለበቶች በትንሽ ፌስታል አድርገው ሰጥተውኝ ስለነበር በቤት ባለች ፒንሳ ተካሁት።

ዋናው ቅሬታዬ የሚመለከተው የመስቀሉን መልክ ነው። ከብየዳ በኋላ ብር በእሳት ስለሚጠቁር በአሲድ መታጠቡ ግድ እንደሆነ እረዳለሁ፣ ይህም የዘመናት ጥቁረቱን ከፊሉን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ግን ሳይጠይቁኝ በማሽን ብሩሽ አንጸባርቀውታል። በመስቀሉ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጭረቶች የሚታዩት በውስጣቸው በተኛው ጥቁረት ነበር፤ አሁን ከሩቅ ሲታይ ትናንት የተሠራ ይመስላል። ጥቁረቱ በአየር ውስጥ ባለ ድኝ ምክንያት ከጊዜ በኋላ የሚመለስ ቢሆንም፣ አሮጌ ዕቃ ያመጣ ደንበኛ ይጽዳልህ ወይስ ይቅርልህ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው ቅሬታዬ ዕቃዎቹን ሲረከቡ አልመዘኑም፣ ዝርዝር ያለበት ደረሰኝም አልሰጡም። በሐቀኝነታቸው ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ነገር ግን ብር ከብር ጋር በሚቀልጥበት ቤት ውስጥ የእያንዳንዱ ዕቃ ክብደት በግራም ተጽፎ ቢፈረምበት ለሠሪውም ለአሠሪውም ክብር ነው። እኔ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሥቼና ቤት ውስጥ መዝኜ ነበር የሄድኩት፤ ሌላውም ይህን ሳያደርግ ባይሄድ ጥሩ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ የሚያስከፍሉት በብሩ ክብደት ሳይሆን በእያንዳንዱ ማያያዣና በክሩ ሥራ ነው፤ ድምሩ አንድ ደህና የሐበሻ ቀሚስ ከሚጠይቀው ያነሰ ሆነ። በዚያው አካባቢ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ከውጭ የገቡ መንጠቆዎችና ቀለበቶች በጣም ርካሽ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ላያቸው ብቻ የብር ቀለም የተቀባ ቅይጥ ስለሆኑ ሽፋኑ ሲለቅ ቆዳ ላይ ምልክት ይተዋሉ፣ ሲታጠፉም ይሰበራሉ። ማግኔት ስላልሳባቸው ብቻ ብር ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም፣ መዳብና ዚንክም በማግኔት አይሳቡምና። ለልጅ መጫወቻ ዶቃ ይበቃሉ፤ ለጠገራ ብር አልመክራቸውም።

ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥተው የአያቶቻቸውን ዕቃ እዚህ አሠርተው ይዘው ሊመለሱ ለሚያስቡ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አሮጌ መስቀልና መሰል ዕቃዎች በቦሌ አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ ቅርስ አለመሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህንም ሐብሉ ከመሰካቱ በፊት ማድረግ ይቀላል፤ ከተሰካ በኋላ አንዱ ዕቃ ቢከለከል ቋጠሮው ሁሉ መፈታቱ ነው። ወደ ሥራ ቤቱ ለመሄድ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማለዳው ይሻላል፤ ቅዳሜ ገበያው ስለሚበዛ ባለሙያው ዕቃ ተቀብለው ከማስቀመጥ በቀር ዕቃውን ከደንበኛው ጋር ቁጭ ብለው የሚመረምሩበት ጊዜ የላቸውም።